መሬቱ እዚህ፣ መዝገቡ ባሕር ማዶ

ከራስ ዲካ እስከ ጎንደርና ዌልስ፦ መሬት የማን እንደነበር የሚናገሩ ብራናዎችና ወረቀቶች ከባለቤቶቻቸው እንዴት እንደራቁ

ራስ ዲካ የጅቡቲ ከተማ የባሕር በር ነው። ወደቡ፣ የቀድሞው ባቡር ጣቢያ፣ የፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን መሥሪያ ቤቶችና ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጫጭ ቤቶች በዚሁ የከተማ ክፍል ተሰብስበዋል። ዛሬ የጁን 27 አደባባይ የሚባለው ሜዳ ከነፃነት በፊት በዐፄ ምኒልክ ስም ይጠራ ነበር። ብዙ ነዋሪ አሁንም የሚያውቀው በአሮጌ ስሙ ነው።

ከአደባባዩ ወደ ውስጥ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ልስኑ የረገፈበት ግድግዳ አይጠፋም። ቀረብ ብሎ ላየው ግንቡ ከባሕር ተፈልፍሎ የወጣ ኮራል ነው። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ፣ በየቀዳዳው አቧራና ጨው ገብቶበታል። ጣት ሲነካው ይፈረፈራል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆመውን ይህን ግንብ ማን እንዳሠራው መገመት ያን ያህል አይከብድም፤ የየመን፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የፈረንሳይ ነጋዴዎች በዚህች ወደብ ሀብት አፍርተዋል። ዛሬ የማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ ያን ያህል ቀላል አይደለም።

አንድ የቤት ደላላ እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ቤት ወራሾች አንዱ የመን ነው፣ አንዷ ፈረንሳይ አገር ናት፣ ሌሎቹን አላውቃቸውም። ኪራይ የሚሰበስብ ወኪል አለ። ወኪሉን የወከለው ማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ ተከራይ አላጋጠመኝም።» በአንዱ ቤት ምድር ቤት ምግብ ቤት ያላት ኢትዮጵያዊት የኪራይ ደረሰኞቿን በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። የጣለችው አንድም የለም። «ነገ ሌላ ሰው ‹ቤቱ የኔ ነው› ብሎ ቢመጣ፣ እዚህ ለመኖሬ ምስክሬ ይኼ ነው» ትላለች።

ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የእሷን ነገር ነው። የመሬትና የኪራይ መዝገብ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለሰብሳቢው ጥቅም ነው። ዘመን ሲያልፍ ግን ለከፋዩ መመስከር ይጀምራል። ሊመሰክርለት የሚችለው ደግሞ በአጠገቡ ሲገኝ ነው፤ ብዙዎቹ መዛግብት ዛሬ በአጠገባችን የሉም።

ድንጋይ የሠራና ቆርቆሮ የሠራ

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 ከአፋር መሪዎች ጋር ፓሪስ ላይ በተፈረመ ውል ኦቦክን በ10,000 የማሪያ ቴሬዛ ብር ገዙ። በ1884 ከታጁራው ሱልጣን፣ በማርች 1885 ደግሞ ከኢሳ አለቆች ጋር ተዋዋሉ። የአካባቢው ሰው አርብቶ አደር ነበርና መሬት ለእሱ የግጦሽና የውኃ ጉድጓድ ነገር ነው፤ የጎሣ እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ኪራይ የሚባል ነገርም አልነበረም። የኢሳ አለቆች ውል ስለ ጥበቃና ወዳጅነት እንጂ ስለ ቤት ቦታ አይናገርም። አስተዳዳሪው ሌዎንስ ላጋርድ ከ1888 ጀምሮ ከኦቦክ ወደዚህኛው ዳርቻ ሲሻገር፣ ባሕሩ ላይ ተበታትነው የነበሩትን የኮራል ጉብታዎች በድልድልና በሙሊት አገናኝቶ ከተማ አስጀመረ። ከዚያ በኋላ መሬቱ የመንግሥት ተባለ፤ መንግሥትም በቁራሽ ማደል ያዘ።

የእደላው አሠራር በብዙ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የታወቀ ነው። ቦታ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠዋል። በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ በቦታው ላይ ከሠራ ፈቃዱ የጸና ይሆንለታል፤ ካልሠራ ቦታው ይመለሳል። የጸናው ይዞታ በመዝገብ ተቆጥሮ ቁጥርና ካርታ ይወጣለታል፤ እዚህ እስከ ዛሬ ቲትር ፎንሲዬ የሚሉት ይህን ነው። ከፍ ባሉት ጉብታዎች ላይ በድንጋይ መገንባት የቻለው ባለሀብት በዚህ መንገድ ባለርስት ሆነ። የወደቡ ኩሊ፣ የባቡሩ ሠራተኛና ውኃ ቀጂው ግን በደቡብ በኩል ባለው ዝቅተኛ ቦታ፣ ቁጥር በተሰጣቸው ሰፈሮች፣ በእንጨትና በቆርቆሮ ጎጆ ሠራ። እነሱም ከተማውን ገንብተዋል። መዝገቡ ግን የድንጋዩን ያህል አላወቃቸውም።

> ድንጋይ የሠራ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ቆርቆሮ የሠራ ጊዜያዊ ሆኖ ቀረ።

ልዩነቱ ከቅኝ ግዛቱ ጋር አላበቃም። ከአሮጌው ከተማ ውጭ በተስፋፋችው ባልባላ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት የኖረው ሙሉ የባለቤትነት ሰነድ ሳይኖረው ነው። በራስ ዲካ ኮራል ግንብ ሥር የሚከራየውም፣ በባልባላ በራሱ ጣሪያ ሥር የሚያድረውም የሚፈራው ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

በዚህ ከተማ የኢትዮጵያም እጅ አለበት። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ የ99 ዓመት ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በ1959 በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ያዘች፤ ጅቡቲ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ ድርጅቱ የሁለቱ አገሮች የጋራ ሆነ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ናጋድ በመሆኑ አሮጌው ጣቢያ ሥራ ፈትቷል። የጣቢያውን መሬት ታሪክ ከሥሩ ማጥናት የሚፈልግ ሰው የአዲስ አበባን፣ የጅቡቲንና የፓሪስን ውሎች ጎን ለጎን ዘርግቶ ማንበብ አለበት።

ችግሩም ይኸው ነው። የፈረንሳይ የቅኝ ግዛት አስተዳደር ሰነዶች የተከማቹት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በሚገኘው የባሕር ማዶ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ (ጅቡቲ በቅኝ ግዛት ዘመን የተጠራችበት ስም ነው) ወረቀቶችም እዚያ አሉ። በውርስ ክርክር የሚታወቅ አንድ የከተማው ጠበቃ ነገሩን እንዲህ ያስረዳል፦ «የባለቤትነት ምስክር ወረቀቱ እዚህ አለ። ቦታው መጀመሪያ ለዚያ ሰው ለምን እንደተሰጠ፣ ከእሱ በፊት በቦታው ላይ ማን እንደነበረ የሚናገረውን ደብዳቤ ግን የምፈልገው ፈረንሳይ አገር ነው። ደንበኛዬ ደግሞ የወር ኪራዩን እንኳ የሚከፍለው በጭንቅ ነው።»

በወንጌል ኅዳግ ላይ

የመሬት መዝገብ ሁልጊዜ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ አልነበረም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት መዝገብ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን፣ መዝገቡም ወንጌሉ ነበር። በኤርትራ፣ በሽመዛና የሚገኘው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ወርቅ ወንጌል ከዛጉዌ ነገሥታት ጀምሮ የተሰጡ የመሬት ስጦታዎች ተጽፈውበታል፤ ከእነሱም አንዱ ንጉሥ ላሊበላ ነው።

በዚህ አሠራር ግን የጎንደርን ያህል የተጠቀመ ከተማ የለም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ለካህናቱ መሬት ሰጡ፤ ስጦታውም በየስሙ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ በጎንደር አድባራት መጻሕፍት ላይ የተጻፈው የነገሥታት ስጦታ ብቻ አይደለም። ተራው ሰው የገዛው፣ የሸጠው፣ ያወረሰው፣ የተካሰሰበት ቤትና መሬት ሁሉ ገብቶበታል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ የክርስቲያኑን መንግሥት የመሬት ታሪክ የጻፉት በአብዛኛው በእነዚህ ማስታወሻዎች ላይ ተመሥርተው ነው።

ገጹ ምን ይመስላል? ብራናው በሁለት ዐምድ ተጽፏል። ዋናው ጽሑፍ ሰፋፊና ቀጥ ያለ ነው፤ የቅዱሳኑ ስም በቀይ ቀለም ይደምቃል። ከዐምዱ በታች በቀረው ባዶ ቦታ፣ ወይም መጨረሻ ላይ ሳይጻፍባቸው በቀሩት ቅጠሎች፣ ሌላ እጅ ደቃቅና ጥድፊያ የበዛበት ጽሑፍ ጨምሯል። ሻጭ እገሌ፣ ገዢ እገሊት፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ፣ ወይም ዘመኑ ወደዚህ ሲቀርብ ይህን ያህል ብር። ቀጥሎ የዳኛው፣ የዋሱና የእማኞቹ ስም ይደረደራል። የደብሩ አለቃ ማን እንደነበረ፣ በዘመኑ ራስ ተብሎ የተሾመው ማን እንደነበረ ይገለጣል። በግዕዝ የጀመረው ዐረፍተ ነገር ዋጋው ላይ ሲደርስ ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ገበያው የሚነጋገረው በአማርኛ ነበርና። ማሰሪያው ውግዘት ነው።

እዚሁ ጅቡቲ ኢትዮጵያውያን ምእመናንን የሚያገለግሉ አንድ የጎንደር መሪጌታ ስለዚህ ሲጠየቁ ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም። «የኔታ፣ ለምን በወንጌል ላይ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ አጭር ነው፦ «ሰው ዳኛ ፊት ይዋሻል። ወንጌል ተከፍቶ፣ አያቱ እማኝ ሆኖ የቆመበትን ቃል ቄሱ ሲያነብበት ግን ይፈራል። ደግሞ ሁሉም ይሰማል፤ ጎረቤቱም፣ ባለጋራውም እዚያው ቆሞ ነው።»

መሪጌታው የነገሩን ልብ ነክተዋል። የዚያ መዝገብ ኃይል ከብራናው ይልቅ ከቆመበት ቦታ የመጣ ነው። የእማኞቹ ልጆች በዚያው ደብር ያስቀድሳሉ። የተሸጠው ማሳ ከደጁ ላይ ሆኖ ይታያል። ጥርጥር ያደረበት ሰው አለቃውን አስፈቅዶ ያስነብባል።

> የመዝገቡ ኃይል ከብራናው ይልቅ ከቆመበት ቦታ የመጣ ነው።

ሴቶችን መጥቀስ ያስፈልጋል። በርስት ሥርዓት መብት በአባትም በእናትም በኩል ይወርዳል፤ አቅኚ አባት ነው ከተባለው ሰው የተወለደ ሁሉ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ድርሻዬ ብሎ መጠየቅ ይችላል። በጎንደር ማስታወሻዎች ላይ ሴቶች ገዢም፣ ሻጭም፣ ተከራካሪም ሆነው በስማቸው ይታያሉ። ዜና መዋዕሎቹ ስለ ዘመቻና ስለ ሹም ሽር ሲተርኩ የማያነሷቸው ሴቶች በወንጌል ኅዳግ ላይ ቤት ይገዛሉ፣ ርስት ያወርሳሉ። እነዚህ ገጾች ቢጠፉ የሚጠፋው እንግዲህ እንዲህ ያለው ታሪክ ነው።

መሬቱን የወሰደ መጽሐፉንም ወሰደ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከካህናቱ ጋር ከተጣሉባቸው ጉዳዮች ዋነኛው መሬት ነበር። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት አገልጋይ ይበቃዋል፣ ትርፉ መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሁን አሉ። ካህናቱ አልተቀበሉም። ነገሩ እየከረረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1866 መጨረሻ ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያኗም ተቃጠሉ። ንጉሡ ከጎንደር ያሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተጓጓዙ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች። ምርኮው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ገዛ፤ በመጨረሻ 350 ያህል ብራናዎች እዚያ ገቡ። ዛሬ የሚጠበቁት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። የጎንደር አድባራት የመሬት ማስታወሻዎች የተጻፉባቸው መጻሕፍትም በመካከላቸው ይገኛሉ።

ስለ መቅደላ ሲነሳ ዘውዱ፣ ጽዋውና ታቦቱ ይጠቀሳሉ። ስለ መሬት መዝገቦቹ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ዝንጋታ ነው። ዘውዱ የአንድ ንጉሥ ነበር፤ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው የብዙ መቶ ቤተሰብ ማስረጃ ነው። መጽሐፍ ሲጠየቅ ሊመለስ እንደሚችል ደግሞ የታየው ወዲያው ነው፦ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ክብረ ነገሥትን ጽፈው ጠየቁ፤ ተመለሰላቸውም። ለመሬት መዝገቦቹ ግን እንዲህ ያለ ጠያቂ መነሳቱን አላውቅም።

የዌልስ ወንጌልና የዴንቢ መዝገብ

የጎንደሩ ነገር የእኛ ብቻ ይመስላቸው ለነበሩ አንባቢዎች ዌልስ ትልቅ ማስተማሪያ ናት።

ዛሬ በእንግሊዝ፣ በሊችፊልድ ካቴድራል የሚገኝ አንድ የ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወንጌል አለ። ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የነበረው በዌልስ፣ ላንዳይሎ በምትባል ቦታ በቅዱስ ታይሎ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ኅዳጉ ላይ እንደተጻፈው ገልሂ የሚባል ሰው እጅግ የሚወደውን ፈረስ ሰጥቶ ገዛውና ለመሠዊያው አበረከተው። በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ቱድቩልህና ኤልጊ የሚባሉ ሰዎች በመሬት ተካሰው እንዴት እንደታረቁ ተጽፏል፤ ኤልጊ ፈረስና ላሞች ሰጥቶ መሬቱ ጸናለት። እማኞች ተቆጥረዋል። ከማስታወሻዎቹ መካከል ቃሉን ለሚጠብቅ ምርቃት፣ ለሚያፈርስ እርግማን የታሰረበትም አለ። ወንጌሉ በላቲን ቢሆንም የእርቁ ቃል ከላቲኑ ጋር በዌልስ ቋንቋ የተቀላቀለ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ከተጻፉት እጅግ ቀደምት ጽሑፎች አንዱም ይኸው ነው። ጎንደሬው መሪጌታ ቢያነበው የሚገርመው ነገር አያገኝም ነበር።

ያም ወንጌል በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊችፊልድ ገብቶ ነበር፤ እስካሁንም እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው መዝገብ ሌላ ዓይነት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1282 እና በ1283 ሰሜን ዌልስን ካስገበረ በኋላ አገሩን ለመኳንንቱ አከፋፈለ፤ ዴንቢም ጌትነት ሆና ተሰጠች። በ1334 የጌትነቱ መሬት፣ ኪራይና አገልግሎት በመንደር በመንደር ተጽፎ በላቲን ተመዘገበ። መሬቱን የያዙት ከአንድ አባት የወረዱ ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ በአያታቸው ስም ይጠራሉ፣ ድርሻቸውም በትውልድ ይቆጠራል። የጎጃም ወይም የጎንደር ባለርስት ለሆነ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። ግዴታቸው ደግሞ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የጌታውን ሹማምንት፣ ፈረሶቹንና የአደን ውሾቹን ከነጠባቂዎቻቸው መቀለብ አለባቸው። ድርጎ ያልታዘዘበት የገባር አገር የለም።

መዝገቡ ሌላም ነገር ይዟል። በጦርነቱ ከንጉሡ ተቃራኒ ቆሞ የሞተ ሰው ድርሻው ለጌታው ተወርሷል፤ ይህም በየመንደሩ ተጽፏል። በደቡብ ኢትዮጵያ ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ መሬት በቀላድ ሲለካ፣ ለባላባቱ ሲሶ ቀርቶለት የቀረው ለመንግሥትና ለነፍጠኛው ሲገባ የሆነውን የሚያውቅ ሰው የዴንቢን መዝገብ ሲያነብ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ጸሐፊው የሠራው ለአሸናፊው ነው። ግን ሊያስከፍላቸው ብሎ ስማቸውን ጻፈ፤ ስማቸውም ተረፈ። መዝገቡ በ1914 በመጽሐፍ ታትሟል፤ የዌልስ ገበሬ ከድሉ በኋላ ምን እንዳጣ በዝርዝር የሚታወቀው ባስገበሩት ሰዎች ወረቀት ነው።

> ሊያስከፍላቸው ብሎ ስማቸውን ጻፈ፤ ስማቸውም ተረፈ።

ካርታቸውን ይዘው የመጡ

ወደ እኛ ዘመን እንመለስ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። የጭሰኛው ቀንበር ወረደ፤ ይህን ማቃለል አይገባም። በዚያው ልክ የርስት፣ የጉልት፣ የኪራይና የሽያጭ ወረቀት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሕግ ማስረጃነት ወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ጅቡቲ ከተሰደዱት መካከል የተወረሰ ቤታቸውን ካርታ በልብስ መካከል አጥፈው የመጡ ነበሩ። በራስ ዲካ የሚኖሩ አንድ የድሬዳዋ ተወላጅ አዛውንት ካርታቸው አሁንም አለ። «ልጆቼ ‹አባባ፣ ምን ያደርግልሃል?› ይሉኛል» አሉ። «ቤቱን አልጠይቅም። ግን አባቴ እዚያ ቤት እንደነበረው የሚያውቅ ሌላ ወረቀት የለም።»

የወደቡ የቀን ሠራተኛ የሆነው የወሎ ወጣት ደግሞ የሚያሳየው ስልኩን ነው። በፎቶ የያዘው የወላጆቹ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ነው። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ የሚያዋስኑ ሰዎች ስም ሰፍሯል። አባቱ ሞተዋል፤ መሬቱን የእኩል አራሽ ይዞታል። ወጣቱን የሚያሳስበው ከአዋሳኞቹ ሁለቱ ማረፋቸው ነው። «ድንበሩን የሚያውቁ ሰዎች እያለቁ ነው» ይላል። የጎንደሩ መዝገብ ጉልበትም እንዲሁ በእማኞቹ ነበር።

ቅጂው ለማን?

ሥራ አልተሠራም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ጥራዞችን ቀርጿል፤ ቅጂዎቹ አዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛሉ። ብሪቲሽ ላይብረሪም ከኢትዮጵያ ብራናዎቹ የተወሰኑትን በዲጂታል አንስቷል። የሊችፊልዱ ወንጌልም በዘመናዊ ካሜራ ተቀርጿል።

ሆኖም ብራና ሲመዘገብ «ወንጌል» ወይም «ሃይማኖተ አበው» ተብሎ በዋናው ጽሑፍ ነው የሚታወቀው። በኅዳጉ ያለው የመሬት ሽያጭ «ልዩ ልዩ ማስታወሻ» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ማስታወሻው የሚያነሳቸው ወንዞች፣ ጉብታዎችና የማሳ ስሞች ግን ለንደን ላይ ሆኖ የሚፈቱ አይደሉም። ደምቢያ ያለ ሽማግሌ «ይህች እኮ ከዋርካው በታች ያለችው ናት» ሊል ይችላል፤ ያ ሽማግሌ በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። በኤክስ አን ፕሮቫንስ ደብዳቤዎች ውስጥ ያሉት የጉድጓድና የሰፈር ስሞችም የሚፈቱት በጅቡቲ አዛውንቶች ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የመሬት ማስታወሻ ያለባቸው ገጾች ተለይተው፣ ቅጂያቸው ለጎንደር አድባራትና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ ነው። የራስ ዲካን የቦታ እደላ የሚመለከቱት የፈረንሳይ ወረቀቶች ቅጂም እንዲሁ ለጅቡቲ ይሰጥ፤ ተከራይዋም፣ ጠበቃውም ገብተው ሊያነቡት በሚችሉት ቦታ ይቀመጥ። ብራናዎቹ ራሳቸው ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መቀጠልም አለበት። የገጾቹን ቅጂ ለመጠየቅ ግን የእሱን ፍጻሜ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ደብዳቤ ሊጀመር ይችላል።